ቀባሪ አለ፤ ጧሪስ?

በአገራችን ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ይህ ምርቃት አጭር ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ያነሣል። ጧሪ ማለት በእርጅና ዘመን የሚመግብና የሚያለብስ ሲሆን፣ ቀባሪ ደግሞ በዕለተ ሞት አስከሬን አጅቦ አፈር የሚያለብስ ነው። ለቀባሪው ጉዳይ ሕዝባችን ዕድር የተባለውን ድንቅ ማኅበር አቋቁሟል። የጧሪውን ጉዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለልጆችና ለዕድል ትቶታል። በእኔ አስተያየት ማንኛውም ሠርቶ አደር፣ በተለይም በሰው አገር የሚሠራ፣ ጉልበቱ ሳይደክም የራሱን ጧሪ በገዛ እጁ ማዘጋጀት ይገባዋል።

ለዚህ ሐሳብ ከጎረቤታችን ከሱዳን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሪያድ በካርቱም ከተማ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ የሚገኝ የባለጸጎች ሠፈር ነው። በዚህና ይህን በመሳሰሉ የካርቱም ሠፈሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ይልቁንም ሴቶች፣ በቤት ሠራተኛነት፣ በአስተናጋጅነት፣ ሻይና ቡና በመሸጥ ኑሯቸውን ሲገፉ ቆይተዋል። በስደት ላይ ያለና የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው የባንክ ደብተር ማውጣት ስለሚቸግረው፣ ከዕለት ወጪውና ለወላጆቹ ከሚልከው የተረፈችውን ጥሪት በጥሬ ገንዘብ ወይም በወርቅ መልክ በሚያድርበት ቤት ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ አያገኝም።

እንዲህ ባለው ጥሪት ላይ ሁለት አደጋዎች ተከታትለው ደረሱ። የመጀመሪያው ድምፅ ያልነበረው አደጋ ነው። የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት የፓውንዱን ተመን ለአንድ ዶላር ከ55 ወደ 375 ለወጠው። በመንግሥት ተመን 1,000 ዶላር ያወጣ የነበረ 55,000 ፓውንድ በአንድ ቀን ወደ 147 ዶላር ገደማ ወረደ። በጥቁር ገበያ ደግሞ ፓውንዱ ከዚያ አስቀድሞ መውደቁ የታወቀ ነው። ገንዘቡን ከፍራሹ ሥር የነካው ሌባ የለም፤ ቁጥሩም አልጎደለም፤ የመግዛት ኃይሉ ግን አልቆ ነበር። ሁለተኛው አደጋ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ነው። ባንኮችና መኖሪያ ቤቶች ተዘረፉ፤ አሠሪዎች ከተማውን ለቀው ሸሹ። ከሸሹት መካከል በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የተመለሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል።

ከዚህ የምንማረው፣ መቆጠብና ማቀድ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ሰው በብርቱ ቆጥቦ ያፈራውን ሁሉ በአንድ ቦታና በአንድ መልክ ካኖረ፣ አንድ ክፉ ቀን ሁሉንም ሊወስድበት ይችላል። ዕቅድ የሚባለው ገንዘቡን በቦታም በመልክም መከፋፈል ነው።

ከክፍሎቹ አንዱ የአደጋ መከላከያ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የዕድርም የመድንም መሠረት ነው። ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ አደጋ የደረሰበት ይካሳል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ ሌሎቹ የመድን ኩባንያዎች የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ሲሆን፣ መዋጮው አረቦን ይባላል። ሆኖም የተለመደው የንብረት መድን ውል ጦርነትን ከሚካሱት አደጋዎች ውጭ እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሉን አንብቦ መፈረም የባለገንዘቡ ግዴታ ነው።

ሌላው ክፍል ፍሬ እንዲያፈራ የሚውል ገንዘብ ነው። የኛ ብርም ቢሆን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር ሲመዘን ዋጋው በእጅጉ ቀንሷል። ስለሆነም ያለውን ሁሉ በጥሬ ብር ማኖር አያዋጣም። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። አክሲዮን ዋጋው ሊወጣም ሊወርድም ስለሚችል ጥሪትን ሁሉ በእርሱ ላይ ማዋል ስሕተት ነው፤ በአጭር ጊዜ እጥፍ ትርፍ እሰጣለሁ የሚልን ሰው ማመን ግን ከዚያ የከፋ ስሕተት ነው።

የመጨረሻው ክፍል መጦሪያው ነው። በአገራችን ሕግ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ ድምሩ 18 በመቶ ይሆናል። በሪያድ በሰው ቤት ለምትሠራ ኢትዮጵያዊት ግን 11ዱን የሚያዋጣላት አሠሪ አልነበረም። እንደ እርሷ ያለ ሠራተኛ ለራሱ አሠሪም ሠራተኛም መሆን አለበት። ከየ100ው 18ቱን ቀድሞ ለይቶ፣ በአገሩ ባንክ በራሱ ስም ቢያስቀምጥ ወይም ለዘለቄታ በሚጠቅም ነገር ላይ ቢያውል መጦሪያውን ጀመረ ማለት ነው።

«ድሀ ምን ተርፎት ይከፋፍላል? የወላጅስ ችግር እንዴት ይታለፋል?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው እውነት አለው። 18ቱ የማይቻል ከሆነ በ5 መጀመር ይቻላል። ወላጅን መርዳትም ክቡር ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ያለውን ሁሉ ልኮ ባዶ እጁን የሚመለስ ልጅ፣ ይረዳቸው ለነበሩት ወላጆቹ አዲስ ሸክም ይሆናል። ወላጆችም ቢሆኑ ከተላከላቸው ላይ ለላኪው ጥቂት ማስቀመጥ ይገባቸዋል። «ልጆቼ ይጦሩኛል» የሚለው ተስፋም መልካም ነው፤ ሆኖም ልጆች ራሳቸው በሚሰደዱበት ዘመን ተስፋውን ሁሉ በእነርሱ ላይ መጣል ለእነርሱም ከባድ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጦርነት ሲፈነዳ ወይም ጉልበት ሲከዳ የሚጀመር ዕቅድ የለም። ዛሬ በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች ነገ የመጀመሪያውን ደመወዛችሁን ስትቀበሉ፣ ከዕለቱ ወጪ አስቀድማችሁ ለሽምግልናችሁ ድርሻዋን ቁረጡላት። ቀባሪውን ዕድር ያሰናዳል፤ ጧሪውን ግን እያንዳንዱ ሰው በወጣትነቱ ማሰናዳት አለበት።