የሚነሣና የሚቀር ካሳፎርማ በአንድ ሚዛን አይገዛም

የግንባታ ዕቃ አስመጪዎች የፋይበር ግላስ ካሳፎርማ ለመግዛት ሲነሡ በቅድሚያ የሚጠይቁት የካሬ ሜትሩን ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ካሳፎርማው ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ይነሣል ወይስ እዚያው ይቀራል?

የሚነሣው ሥራው እንደ ጣውላና ላሜራ ነው። ኮንክሪት እንዳይጣበቅበት ዘይት ይቀባል፤ ገጹ ልሙጥ በሆነ መጠን በቀላሉ ይላቀቃል፤ ደጋግሞም ያገለግላል። የሚቀረው የዚህ ተቃራኒ ነው። በሶሌታው ሥር የፌሮን ድርሻ ተጋርቶ ጭነት እንዲሸከም የታሰበ በመሆኑ ከኮንክሪቱ ጋር እንደ አንድ አካል መሥራት ይኖርበታል። ካልተያያዙ ጭነት ሲመጣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ በወረቀት ላይ የተሰላው ጥንካሬም በሕንፃው ላይ አይገኝም።

ልሙጡን የፋይበር ገጽ ሲሚንቶ ብቻውን አጥብቆ አይዘውም። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው። በገጹ ላይ ኢፖክሲ ተቀብቶ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይለጠፍበታል፤ አለዚያም ኢፖክሲው ሳይደርቅ ኮንክሪቱ ይፈስበታል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ዋፑን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2003 በተሠራ የአውራ ጎዳና ድልድይ ላይ እዚያው የቀረው የፋይበር ካሳፎርማ ጠጠር የተለጠፈበት ነበር።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ልሙጡ ገበታ ረክሶ የሚገኘውም ይህ ሥራ ስላልተሠራበት ነው። ስለዚህ ሁለቱን በዋጋ ብቻ ማወዳደር በሬን ከጋሪ ማወዳደር ይሆናል።

አስመጪው ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት የሙከራ ውጤት መጠየቅ ይገባዋል። በዚያው ገበታ ላይ የተሞላ ናሙና እስኪሰበር ሲጫን መለያያው የት እንደሆነ ይታይ። ገበታው የኮንክሪት ቁራጭ ይዞ ከተገነጠለ ማያያዣው ጥሩ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ከተላጠ ግን ዕቃው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፋይበር አይዝግም የሚባለው እውነት ነው። ይሁንና ሙጫው ብረት ምንም በማይሆንበት ሙቀት ይለሰልሳል። በመሆኑም በሕንፃ ውስጥ እሳት ቢነሣ ሶሌታውን ለብቻው የሚያቆም ፌሮ በውስጡ መኖር አለበት። ፌሮ ይቀንሳል እየተባለ የሚሸጥ ካሳፎርማ ይህን ሒሳብ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ርካሽ ነው ተብሎ በሶሌታ ሥር የቀረ ልሙጥ ገበታ ተነሥቶ ዳግም አይሠራበት፣ ቀርቶም ጭነት አይሸከም። ገዢው የከፈለበት ለጣሪያ ጌጥ ብቻ ይሆናል።