አስማት ሲያሸንፍ ‹‹ማጭበርበር›› ነው እንዴ?

ከቦሌ መንገድ ወደ ጎተራ የሚወስደውን የኢትዮ-ቻይና መንገድ ትቶ ወደ ወሎ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ የገባ ሰው፣ ከሱቁና ከፀጉር ቤቱ መሀል አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አያጣም። እዚያ ቤት ሁልጊዜ የሚሰማው የፊፋ ጩኸት ነው። (ስሙ ከተቀየረ ቆየ፤ እኛ ግን ዛሬም ፊፋ ነው የምንለው።) ባለፈው ቅዳሜ የሰማሁት ጩኸት ግን የኳስ አልነበረም።

ሦስት ልጆች ሳንቲም አዋጥተው፣ በሰዓት እየከፈሉ ‹‹ኤልደን ሪንግ›› ይጫወታሉ። ለሦስቱም ያላቸው አንድ ጀግና ብቻ ነው። በዚህ ቅዳሜ ያቆሙበትን ሴቭ አድርገው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያው ይቀጥላሉ። ታዲያ ትንሹ ልጅ ሌሎቹ ሳያዩት ስድስት ነጥብ ጉልበት ላይ መጨመር ሲገባው ‹‹ኢንተለጀንስ›› ላይ ጨምሮት ተገኘ። በቃ፣ ቤቱ ቀወጠ!

‹‹ያንተ ብቻ ነው እንዴ? ሳትነግረን?››

‹‹በሰይፍ አስራ ምናምን ጊዜ ሞተን የለ? በአስማት ከሩቅ እንምታው!››

በዚህ መሀል ቤቱ የራሱ ፕሌይስቴሽን ያለው አንድ ጎረምሳ ጣልቃ ገባ። ‹‹ማርጊትን በአስማት መግደል ማሸነፍ አይባልም። እሱ ማጭበርበር ነው›› አለና አረፈው። ትንሹ ልጅ ወደኔ ዞሮ ‹‹ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ!›› አለኝ። እኔም ፍርዴን በዚህ ገፅ ይዤ መጥቻለሁ።

ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ‹‹ኤልደን ሪንግ›› እ.ኤ.አ በየካቲት 2022 የወጣ የጃፓኑ ፍሮም ሶፍትዌር ሥራ ነው። ጀግናህ ሌቨል በጨመረ ቁጥር አንድ ነጥብ ይሰጥሃል። ነጥቡን የምትጨምርባቸው ቦታዎች ስምንት ናቸው፤ ዕድሜ፣ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ አስማት እያለ ይቀጥላል። ነጥብህን ያከፋፈልክበት መንገድ ነው እንግዲህ ‹‹ቢልድ›› የሚባለው። አንዱ ላይ ስትጨምር ሌላው ይቀርብሃል። ደግሞ ያለ ልክ መጨመርም አያዋጣም። ዕድሜ የሚጨምረው ‹‹ቪጎር›› 40 ሲደርስ 1,450 ዕድሜ ይኖርሃል፤ 60 ሲደርስ 1,900። ከዚያ በላይ እስከ 99 ድረስ 39 ነጥብ ብታፈስ ግን የምታገኘው 200 ብቻ ነው።

ይሄ ለኳስ ሰው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2013 ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ፣ የሰውነት ቢሻው ልጆች ነጥባቸውን ያፈሰሱት ቅብብል ላይ ነበር። የወቅቱን ቻምፒዮን ዛምቢያን በጎዶሎ ተጫዋች 1 ለ 1 ሲይዙ አገር ጨፈረ። ከአራት ቀን በኋላ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ሲሸነፉስ? ‹‹ቁመት የለን፣ ጉልበት የለን!›› ያላለ ማን ነበር? ቡድኑ ያው፣ ቢልዱም ያው ነው። የተለወጠው የኛ አስተያየት ነው።

ወደ ጎረምሳው ልመለስና፣ አስማት ማጭበርበር አይደለም። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ያስገቡት መሣሪያ ነው። ግሪክ እ.ኤ.አ በ2004 በኦቶ ሬሃግል እየተመራች በራሷ ሜዳ ተሰብስባ ተከላክላ፣ ፖርቹጋልን በገዛ አገሯ 1 ለ 0 አሸንፋ የአውሮፓን ዋንጫ ወስዳለች። አልወደድነው ይሆናል፤ ዋንጫው ግን የግሪክ ነው። አንድ ነገር ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ዳኛ አለ። የራስህን ቅጂ አጠገብህ አቁሞ የሚያዋጋው ‹‹ሚሚክ ቲር›› በጣም ሲጠነክር፣ ጌሙ በወጣ በወሩ ሠሪዎቹ ጉልበቱን ቀንሰውታል። አስማትን ግን ከነጭራሹ አላገዱም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ‹‹በሰይፍ ብቻ ተጫወት፣ መቶ ጊዜም ሙት፣ ትማራለህ›› የሚለው ሰው ማነው? ጊዜ ያለው ሰው ነው። ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እስኪነጋ ሊሞት ይችላል፣ ማንም ሒሳብ አይጠይቀውም። እነዚህ ልጆች ግን የሚሞቱት በሰዓት እየከፈሉ ነው! ለሦስት የተዋጣ አንድ ሰዓት አላቸው፤ መብራት ከሄደ እሱም የለም። ሰዓቱ ሳያልቅ አንድ ነገር ጥለው መውጣት አለባቸው። ቢልድ የሚመረጠው ባለህ አቅም ነው ካልን፣ የኪስም አቅም አቅም ነው።

ጎረምሳው ሙሉ ለሙሉ ተሳስቷል አልልም። ሁሉንም ከሩቅ እየመታ የሚያልፍ ልጅ መሸሽና መንከባለል ሳይማር ይቀራል። አንድ ቀን የሚቀርበው ጠላት ሲመጣበት በሁለት ምት ያልቃል። ከዩቲዩብ ላይ ‹‹ምርጥ ቢልድ›› ብሎ እንዳለ የሚገለብጥም፣ ለምን እንዳሸነፈ አያውቅም። ጥሩ ምክር እዚህ ጋ ነው የሚያስፈልገው። ‹‹አጭበርባሪ›› የሚል ስድብ ግን ምክር አይደለም፤ ጀማሪውን ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

እ.ኤ.አ በ2022 ዓለም ያጨበጨበለትን ተጫዋች አስታውሱ። መጠሪያው ‹‹ሌት ሚ ሶሎ ሄር›› ነው፤ እሷን ለኔ ተዉልኝ እንደማለት። ጥሩሩን አውልቆ፣ ጭንቅላቱ ላይ እንስራ ደፍቶ፣ በሁለት ጎራዴ ብቻ ማሌኒያ የተባለችውን የጌሙን አስቸጋሪ ተዋጊ ይጥላት ነበር። ከዚህ በላይ ‹‹ንጹህ›› ጨዋታ ከየት ይመጣል? ግን የሚጥላት ለማን ነበር? አቅቷቸው እርዳታ ለጠሩ ሰዎች ነው! ያ ሁሉ ችሎታ እያለው ማንንም ‹‹እርዳታ መጥራት ነውር ነው›› ብሎ አላሸማቀቀም። ጠሩት፣ መጣ።

ለሁለቱ የተቆጡ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ። ድሮ በኛ ጊዜ ‹‹ዲያብሎ 2›› ላይ የተሳሳተ ነጥብ አንዴ ከጨመርክ አለቀልህ፤ ጌሙ እ.ኤ.አ በ2000 ወጥቶ ነጥብ መመለስ የተፈቀደው በ2010 ነው። የናንተው ግን እንደዚያ አይደለም። ወደፊት ሬናላን ስትጥሉ ነጥባችሁን እንደገና ማከፋፈል ትችላላችሁ፤ እሱም በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ አታባክኑት። ስድስት ነጥብ ጓደኛ አያጣላም። ሳይነግራችሁ ማድረጉ ግን ጥፋት ነው፤ የጋራ ጀግና ላይ ብቻውን መወሰን አልነበረበትም።

የዚያን ቀን መጨረሻ ትጠይቁኝ ይሆናል። ትንሹ ልጅ ጆይስቲኩን ያዘ፣ ከሩቅ መታ፣ ማርጊት ዕድሜው ጭል ጭል ሲል ባለቤቱ ‹‹ሰዓት!›› አለ። እየተነታረኩ ወጡ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ምክሬ ይኸውና። ልጆች፣ አስማቱን ያዙት፤ አምስት ነጥብ ግን ቪጎር ላይ ጨምሩ፣ የምትሞቱት ዕድሜ ስላነሳችሁ ነው። ጎረምሳው ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ መቼ መንከባለል እንዳለባቸው አሳያቸው። ሰዓቱ የሚቆጥረው በነሱ ሳንቲም ነውና፣ ቶሎ በል!