ከጎብኚው በፊት ሞግዚቷ

በዓል በደረሰ ቁጥር የማሳደጊያ ቤቶች በር ሥራ ይበዛበታል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ዳቦና ለስላሳ የጫነ መኪና ይቆማል፤ ልጆች ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ ፎቶ ይነሳል፤ ጸሎት ተደርጎ እንግዳው ይሸኛል። በኮልፌ ቀራኒዮም እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ይህ የተለመደ ነው። ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ወር ሊያገለግሉ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወጣት ክርስቲያኖችም አሉ። ሁሉም በቅን ልብ እንደሚመጡ አልጠራጠርም። ነገር ግን እንግዳው በሄደ ማግስት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ታቅፋ ክፍሉን የምትዞረው ሞግዚቷ ናት። ስለ እሷ የሚሰብክም ሆነ በጀት የሚመድብ ጥቂት ነው። የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው፤ አብያተ ክርስቲያናትና ምእመናን ወላጅ ላጡ ሕፃናት የሚያወጡት ገንዘብና ጊዜ አስቀድሞ ከልጁ አጠገብ ለምትቆየው ሴት መድረስ አለበት። እናቱ ወይም አያቱ በሕይወት ካሉ ለእነሱ፤ ከሌሉ ደግሞ ለምታሳድገው ሞግዚት።

የሞግዚቷን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሌሊቱን ያደረችው ጎሕ ሲቀድ የረጠበ አንሶላ ትሰበስባለች፤ አጥሚት ታፈላለች፤ መድኃኒት ለሚወስዱት በሰዓታቸው ትሰጣለች፤ ተማሪዎቹን ፊታቸውን አጥባ፣ ፀጉራቸውን አበጥራ፣ ምሳ ዕቃቸውን አስይዛ ትሸኛለች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጣ ዕለት በርሜሉና ጀሪካኑ እስኪሞላ ዓይኗን አትከድንም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሥራዋ በመዝገብ የማይጻፍ እውቀት ነው። የትኛው ልጅ ጀርባው ካልተመታ እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ የትኛዋ ልጅ ነገ የማይደገም መስሏት ዳቦዋን ትራስ ሥር እንደምትደብቅ፣ ማን ሲያመው እንደሚያለቅስና ማን ሲያመው ዝም እንደሚል የምታውቀው እሷ ናት። ሥራዋን ለቅቃ ስትሄድ ይህ እውቀት አብሯት ይሄዳል፤ ተተኪዋ ከዜሮ ትጀምራለች፤ ልጁም ሌላ እናት አጣ ማለት ነው።

ይህ ስሜት ብቻ እንዳይመስል ማስረጃውን እንይ። የሩማንያው የቻውሼስኩ መንግሥት ከወደቀ በኋላም በአገሪቱ ማሳደጊያዎች የነበሩ ሕፃናትን ይዘው አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ውስጥ ጥናት ጀመሩ። 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ሥልጠናና ድጋፍ ወዳገኙ አሳዳጊ ቤተሰቦች ወሰዱ፤ የቀሩት እዚያው በማሳደጊያ እንክብካቤ ሥር ቆዩ። ልጆቹ አራት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው የአእምሮ ችሎታቸው ሲለካ በማሳደጊያ የቀሩት በአማካይ 73፣ ወደ ቤተሰብ የሄዱት 81 አገኙ። ከወላጆቻቸው ተለይተው የማያውቁ የዚያው ከተማ ልጆች ግን 109 ነበሩ። ከሁለት ዓመት በታች ሳሉ ቤተሰብ ያገኙት ይበልጥ አገገሙ። ማሳደጊያዎቹ ውስጥ ምግብም አልጋም ነበር። የጎደለው ሲያለቅስ የሚመጣለት፣ ነገም ከነገ ወዲያም ያው የሆነ ሰው ነው። አንዲት ሞግዚት ለብዙ ሕፃናት በምትሠራበት፣ ፈረቃውም ሰዉም በየጊዜው በሚቀያየርበት ቤት ሕፃን ይህን አያገኝም።

ለዚህም ነው ጎብኚን ደስ የሚያሰኘው ነገር ባለሙያን የሚያሳስበው። በሩ ሲከፈት አይቶት ወደማያውቀው ሰው ሮጦ እጁን ዘርግቶ «እቀፈኝ» የሚል የሦስት ዓመት ልጅ እንግዳውን ያስለቅሳል። እንግዳውም ልጁ እንደወደደው ያስባል። በእናቱ ጉያ ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ ግን እንግዳ ሲያይ ቀሚሷን ይይዛል፣ ከኋላዋ ይደበቃል። ለመጣው ሁሉ እጅ መዘርጋት የራሴ የሚለው ሰው ያጣ ልጅ ምልክት እንደሆነ በማሳደጊያ ባደጉ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሁለት ሳምንት አቅፎ፣ አጫውቶ፣ ስም አስለምዶ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ በዚህ ቁስል ላይ ሌላ መለየት ይጨምራል። «ጥቂት ፍቅር ከምንም ይሻላል» የሚለው መልስ ለአዋቂ ይሠራ ይሆናል፤ መሄድና መመለስን ለማያውቅ ሕፃን አይሠራም። የአውስትራሊያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘመናዊ ባርነትን ለመከላከል ሕግ ባወጣበት ሂደት ልጆችን ለትርፍ ሲባል ወደ ማሳደጊያ ማስገባትን ከዚሁ ጋር አያይዞ የመረመረው፣ የዜጎቹ የጉብኝት ገንዘብ በሌሎች አገሮች የሚሠራውን ስላየ ነው።

በሌላ በኩል የቆመ ከባድ ማስረጃም አለ፤ ልናልፈው አይገባም። የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በሕንድና በካምቦዲያ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸውን ልጆች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ውጤት፣ በማሳደጊያ ያሉት ወላጅ አልባ ወይም የተጣሉ ልጆች በማኅበረሰቡ ውስጥ ከሚኖሩ መሰሎቻቸው በጤናም፣ በትምህርት ችሎታም፣ በስሜትም የባሱ አለመሆናቸውን አሳየ። የማሳደጊያ ደጋፊዎች ይህን ጥናት መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። ዘመድ ቤት ተልኮ እንደ ቤት ሠራተኛ የሚቆጠር ልጅ እንዳለ እኛም እናውቃለን። ነገር ግን ጥናቱ ሕፃናትን አልመለከተም። የተመለከታቸው ልጆች የመጀመሪያዎቹን፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱትን ዓመታት ያለፉ ናቸው። ደግሞም ተመራማሪዎቹ በማሳደጊያና በቤተሰብ መካከል ያገኙት ልዩነት ትንሽ ነበር፤ በአንዱ ማሳደጊያና በሌላው፣ በአንዱ ቤትና በሌላው ቤት መካከል ያገኙት ከዚያ ይበልጥ ነበር። ልጁን ማን፣ እንዴት፣ ለስንት ጊዜ ይንከባከበዋል የሚለው ከግድግዳው ዓይነት ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ጥናቱ ለእኔም ይመሰክራል።

ሞግዚቷ ለምን አትቆይም ቢባል መልሱ ኪስ ውስጥ ነው። በአገራችን ለግል ቀጣሪዎች የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም። ሥራው «አገልግሎት» ስለሚባል ክፍያው ትንሽ ቢሆን ነውር አይመስልም፤ ዋጋዋን ከእግዚአብሔር ታገኛለች ይባላል። ለጋሹም ብሩ ለወተት፣ ለአልጋ፣ ለሕንፃ ሲውል ደስ ይለዋል፤ ለደመወዝ ሲባል ያንገራግራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪን በ30 በመቶ ሲገድብ ብዙ የሠራተኛ ወጪ በዚያ ውስጥ ይቆጠር ስለነበር ድርጅቶች ቢያማርሩ እውነት ነበራቸው። በ2011 ዓ.ም. የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ግን ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የተያያዘውን ወጪ ከአስተዳደራዊ ወጪ አውጥቶታል። ልጅ ማሳደግ የማሳደጊያ ቤት ዋና ሥራ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? የሕጉ ሰበብ ተነስቷል፤ የቀረው የሰጪው ልማድ ነው።

አሁን ከአጥሩ ውጭ ወዳለችው ሴት ልምጣ። የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ንጹሕ አምልኮን ሲገልጽ ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በአንድ ላይ ነው የጠራቸው። እኛ ለልጁ ቤት ሠራን፤ ባልቴቷን ደጅ ተውናት። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ላይ 140 ሚሊዮን ወላጅ ያጡ ልጆች እንዳሉ ሲገልጽ ሁለቱንም ያጡት 15 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ፣ የቀሩት አንድ ወላጅ በሕይወት ያለላቸው መሆናቸውን አመልክቷል። ይህ በኮልፌ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአለርት ሆስፒታል ዙሪያ፣ ዘነበወርቅ ላይ፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው የቀሩ ሰዎች ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ አይተዋል። ከዚያው አቅራቢያ ቆሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ያለ አባት፣ ያለ እናት የቀሩ ልጆች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሰፈር አንዲት እናት ልጇን ለማሳደጊያ የምትሰጠው ፍቅር አልቆባት አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የደብተር፣ የመድኃኒት ገንዘብ አልቆባት ነው። ማሳደጊያው ልጁን ለማብላት፣ ለማልበስና ለማስተማር የሚያወጣውን በከፊል እንኳ ለእሷ ቢሰጥ ልጁ ቤቱ ይውላል። እናትን መደገፍ ልጅን ቤቱ እንደሚያቆይ አይተናል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር እናቶች በሕይወት ቆዩ፤ እናት የቆየችለት ልጅም ማሳደጊያ አላስፈለገውም። በአዲስ አበባ ወላጅ አልባነትን ከማንኛውም ሕንፃ ይልቅ የቀነሰው ያ ክኒን ነው ብዬ አምናለሁ።

«ገንዘብ ለድሃ እናት በእጅ ከተሰጠ ይባክናል፤ በማሳደጊያ ግን በደረሰኝ ይያዛል» የሚሉ አሉ። በደረሰኝ የተያዘ ገንዘብ ምን እንዳደረሰብን ግን ቅርብ ታሪክ አለን። ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ብቻ ሄደዋል። ክፍያው በበዛ መጠን ማሳደጊያው በዛ፤ ወላጅ ያላቸው ልጆችም ወላጅ እንደሌላቸው ተደርገው የሄዱበት ጊዜ ነበር። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. የሚያስተናግዳቸውን የጉዲፈቻ ጉዳዮች በ90 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። ገቢያቸው በዚያ ላይ የቆመ ማሳደጊያዎች ተዘጉ። ገንዘብ አልጋን ሲከተል ልጅም ወደ አልጋው ይሳባል፤ ይህ በዘመናችን የታየ ነገር ነው። በአንጻሩ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት በቀጥታ ለድሃ ቤተሰብ ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በየወረዳው የተመዘገበ ዝርዝር አለው። ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ዝርዝር የወደቁትን ለማግኘት ከማንም የተሻለ ቅርበት አላት። ንስሐ አባቱ፣ ሽማግሌው፣ እድሩ ማን እንደተቸገረ ያውቃሉ።

ከሁሉም ከባዱ ተቃውሞ ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚገኘው ጨቅላ ነው፤ እናቱ አትታወቅም፣ የሚረዳ ዘመድ የለም። ለዚህ ልጅ ማሳደጊያ ያስፈልጋል፤ ዛሬውኑ ይዘጋ የሚል ሰው ልጁን ጎዳና ላይ ይጥለዋል። ጥያቄው ልጁ እዚያ ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ነው። በከተማችን ያሉትን የመንግሥት ማሳደጊያዎች እንኳ ብንወስድ ክበበ ፀሐይ ትንንሾቹን ይቀበላል፤ ከፍ ሲሉ ወንዶቹ ወደ ኮልፌ፣ ሴቶቹ ወደ ቀጨኔ ይዛወራሉ። ወንድምና እህት የሆኑ ልጆች ይህ ሽግግር ምን እንደሚያደርጋቸው መገመት አያቅትም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 መንግሥት ለወላጅ አልባ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያስፋፉ ተቋማትን እንዲያበረታታ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያን የመጨረሻ መጠለያ አድርጎታል። በመመሪያውና በሥራው መካከል የጎደለው ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ አደራ ቤተሰብ ነው፤ ክፍተቱን ለመሙላት በየእሑዱ አዳራሽና ቅጥር ግቢ የሚሞላው ምእመን ይበቃል። ልጅ አጥተው የሚያለቅሱ ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸው አድገው ቤት የለቀቁላቸው እናቶች በየአጥቢያው አሉ። አገሩም ለዚህ እንግዳ አይደለም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1973 ዓ.ም. ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ከወሎ ረሃብ ያነሷቸውን ሁለት ልጆች ያመጡት ወደ ቤታቸው ነው። ያቋቋሙት ድርጅት በኋላ ማሳደጊያ ሆነ፤ እያደገ ሲሄድ ደግሞ ልጆችን በቤተሰባቸው ውስጥ እንዳሉ ወደ መርዳት ሰፋ። ሰው የሚያስታውሳቸው ጎብኚ ሆነው አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከልጆቹ ጋር ኖረው ነው።

ስለዚህ የኮልፌ አጥቢያዎችና ኅብረቶች የሚቀጥለውን የበዓል በጀት ሲያወጡ በአንድ ቀን ከሚበላው በፊት የአንዲት ሞግዚት የዓመት ደመወዝ ማሻሻያ ስንት እንደሆነ ማሳደጊያውን ይጠይቁ፤ ይክፈሉትም። ሊያገለግል የሚመጣ ወጣት ሕፃናቱን ከማቀፍ ይልቅ ልብስ ይጠብ፣ ውኃ ይቅዳ፣ ጣራ ይጠግን፣ ለትልልቆቹ ሒሳብ ያስጠና፤ ሞግዚቷ ለልጆቹ ጊዜ እንድታገኝ። ከውጭ የሚመጣውም እንዲሁ። የክፍለ ከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ለቁጥጥር ሲወጣ አልጋና መጸዳጃ ቤት ከቆጠረ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይጨምር፤ በዚህ ዓመት ስንት ሞግዚት ለቀቀች? ስንት ልጅስ ወደ እናቱ፣ ወደ አያቱ ወይም ወደ አደራ ቤተሰብ ሄደ? መልሱ በጽሑፍ ይያዝ፤ ገንዘብ የሚሰጠው ምእመን እንዲያየውም በማሳደጊያው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ይውጣ።