ቢቱ ብቻ ነው የገባን?

ሶደሬ ፍል ውሃው ዳር የሃጫሉ ሁንዴሳ ዘፈን ሲከፈት ከመቀመጫው የማይነሳ ማን አለ? ወዲያው ደግሞ «ቋንቋው አይገባኝም፣ ቢቱ ግን አሪፍ ነው» እንላለን። ምን ማለት ነው ይሄ!

አምቦ ላይ ከብት እየጠበቀ ያንጎራጎረ፣ ገና በ17 ዓመቱ ታስሮ እስር ቤት ውስጥ ግጥምና ዜማ የደረሰ ልጅ ነው። በ2007 ዓ.ም. «ማላን ጂራ»ን ሲያወጣ የሚነግረን ስለ መሬትና ስለ መፈናቀል ነበር፤ እኛ ትከሻችንን ሰበቅን። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሲገደልም ግጥሙን ሳናውቅ አለቀስን (ያለቀስነው ማለታችን ነው)።

ለቦብ ማርሌ መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ ያደግን ልጆች፣ አፋን ኦሮሞ ላይ ስንደርስ ምን ነካን? አስተማሪ ፍለጋ አዳማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው ሶደሬ ስንዋኝ ልብሳችንን የሚጠብቅልንን ልጅ ብንጠይቀው ስንኝ በስንኝ ይፈታልናል።