የጎንደር «አምስት ዓመት» አምስት ዓመት አይደለም

ባለፈው መንፈቅ ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ ፕሮጀክት ሰጥቼ ነበር። ርዕሱ «የጣልያን ኢምፓየር በከተማችን» ይላል። በቡድን ሆነው አጥንተው እንዲያመጡ ሦስት ሳምንት ሰጠኋቸው።

የመጣልኝን ወረቀት ብታዩት! ዘጠኝ ቡድን ነው፤ የስምንቱ አንድ ዓይነት። ዐድዋ አለ፣ ማይጨው አለ፣ ግራዚያኒ አለ፣ የካቲት 12 አለ። አብዛኛው ትክክል ነው፤ ሁሉም ግን ከስልክ የተገለበጠ። ጎንደር የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ዘጠነኛው ቡድን ደግሞ ግማሽ ገጽ ጻፈና «ኢትዮጵያ በቅኝ ግዛት ስላልተገዛች ስለ ኢምፓየሩ የሚጻፍ ነገር አላገኘንም» ብሎ ዘጋው።

በልጆቹ አልፈርድም። ግን አስቡት እስቲ፤ እነዚህ ልጆች በየቀኑ ፒያሳን አቋርጠው ነው ትምህርት ቤት የሚመጡት። ሲቃጠሩ ጣልያን በሠራው ፖስታ ቤት በር ላይ ነው የሚገናኙት። «አውቶ ፓርኮ» ብለው ባጃጅ ይሳፈራሉ። የባጃጁ ጎማ፣ ታርጋው፣ ሾፌሩ ከወንበር ሥር የሚያስቀምጠው ካቻቪቴ፣ ስሙ ሁሉ የጣልያን ነው። የሚኖሩት ኢምፓየሩ በሠራው ከተማ ውስጥ ነው፤ ይህን የነገራቸው ግን የለም።

ወረቀቱን መለስኩላቸውና ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀን ጻፍኩ። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም እና ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም። «ቁጠሩ» አልኳቸው።

የመጀመሪያው የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር ይዞ ጎንደር የገባበት ቀን ነው። አዲስ አበባ ከመያዟ ከአንድ ወር በፊት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠበት ቀን ነው። ልጆቹ ቆጠሩ፤ አምስት ዓመት ከስምንት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ብቻ ይቀረዋል።

አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አምስት ዓመት አይደል እንዴ የሚባለው?» አለኝ።

አምስት ዓመት የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ጃንሆይ የተመለሱትም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። አምስት ዓመት እንቅጩን። አዲስ አበባ ላይ ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ጎንደር ሰባት ወር ሊሞላ ምንም ያህል እስኪቀረው ድረስ ከጣልያን እጅ አልወጣችም። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ትልቅ የጣልያን ጦር የተሸነፈው እዚሁ እኛ ጋ ነው። የወልቀፊት ምሽግ የወደቀው መስከረም 1934 ነው፤ ቁልቋል በር ኅዳር 12፤ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18። ከአርበኞቻችን ጎን ሆነው የተዋጉት እንግሊዝ ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ያመጣቻቸው ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። ልብ በሉ፣ እነሱ ራሳቸው በሌላ ኢምፓየር የሚገዙ ሰዎች ናቸው።

የገዛ ከተማችንን ዕድሜ በሌላ ከተማ ቁጥር እየቆጠርን ኖረናል። እኔም ራሴ ስንት ዓመት «አምስቱ የጠላት ዘመን» እያልኩ አስተምሬያለሁ።

አሁን «አልተገዛንም» ወደሚለው ልምጣ። በዚህ ብዙዎቻችሁ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ።

ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ሮም ላይ ኢምፓየር አወጀ። ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ኢትዮጵያን ጨፍልቆ በስድስት ግዛት ከፈላቸው። ከስድስቱ አንዱ «አማራ» ይባል ነበር፤ መቀመጫው ጎንደር። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት ለከተማዋ ፕላን አወጣ፤ የነጩ ሰፈር ለብቻ፣ የአገሬው ሰፈር ለብቻ። ሚያዝያ 1929 ደግሞ ጣልያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ከኖረ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። ሕጉ የተቆረቆረው ለሴቲቱ ክብር አልነበረም፤ ለነጩ ዘር «ንጽሕና» ነው። የሊማሊሞ መንገድም የዚያው ዘመን ሥራ ነው፤ ጦርና ስንቅ እንዲመላለስበት የተጠረገ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ገጠሩን አልገዙትም። አርማጭሆ ላይ አሞራው ውብነህ የሚባሉት ደጃዝማች ውብነህ ተሰማና ሌሎችም አርበኞች እንቅልፍ ነስተዋቸዋል። ስለዚህ እኔም አልተገዛንም ባይ ነኝ። ግን አልተገዛንም ማለትና አልነካንም ማለት ይለያያል። ከተማው ውስጥ የቀረው ሰውዬ ለስድስት ዓመት ትንሽ የጎደለ ጊዜ በልቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ልጅ ወልዶ፣ ጎንበስ ብሎ ኖሯል። እሱ ታሪክ የለውም?

ለሁለተኛው ዙር ልጆቹን «ስልካችሁን ለጉግል ሳይሆን ለአያቶቻችሁ ተጠቀሙበት» አልኳቸው። ወልቀፊትንና ቁልቋል በርን ሄደው እንዲያዩ ብፈልግ ደስ ባለኝ፤ ዘንድሮ መንገዱ ተማሪ ይዞ የሚወጣበት አይደለም። ስለዚህ ደወሉ። ደባርቅ ደወሉ፣ ዳባት ደወሉ፣ ጃናሞራ ደወሉ። የመጣው ሌላ ዓለም ነው! የአንዱ ቅድመ አያት በቀን ሥራ መንገድ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። የአንዷ አያት በጣልያን ክሊኒክ የተወጉትን መርፌ እስከ ዛሬ አይረሱም። የሌላው ቤተሰብ እህሉን ጉድጓድ ቀብሮ ዋሻ ውስጥ ከርሟል።

አንዷ ተማሪዬ ግን ወረቀቷን ሳትሰጠኝ ከክፍል በኋላ ቆየች። አያቷ የነገሯት የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ነው። ታናሹ ጫካ ገብቷል። ታላቁ ባንዳ ሆኖ ከጣልያን ደመወዝ በልቷል። ጣልያን ከወጣ በኋላ ሁለቱም በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እስኪሞቱ ኖሩ፤ አልተነጋገሩም። እሷ የታላቁ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ልጻፈው?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቶሎ መልስ አልነበረኝም። ባንዳ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያን የመጣ ነው፤ ያልመደበኛ ጦራቸውን የሚጠሩበት። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ሰው የምንገድልበት ስድብ አደረግነው። በመጨረሻ «አያትሽ ከፈቀዱ ስም ሳትጠሪ ጻፊው» አልኳት። አያትየው ፈቀዱ።

አባቷን ግን አልጠየቅንም። በሳምንቱ ትምህርት ቤት መጣ። «መምህር፣ ታሪክ አስተምርልን አልንህ እንጂ የቤታችንን ገመና አውጣ አልንህ?» አለኝ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎን ሳላስፈቅድ መጻፏ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ ፕሮጀክቱ ግን ይቅርታ አልጠየቅሁም። ወረቀቷ ከሌሎቹ ጋር ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ካነበብኳቸው የተማሪ ጽሑፎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው።

የአባትየው ሕመም ይገባኛል። በዚህ ዘመን «የባንዳ ልጅ» መባል ቀልድ አይደለም። ግን ይህን ታሪክ እኛ ዝም ስላልን አይጠፋም፤ ጸሐፊው ይቀየራል እንጂ። ጣልያኖቹ ጽፈዋል፣ ካርታ አንስተዋል፣ ፎቶ አንስተዋል፣ መዝገቡም እነሱ ጋ ነው። «ጎንደር» የሚባል ሰርጓጅ መርከብ እንኳ ነበራቸው፤ መስከረም 1933 ግብፅ አጠገብ ባሕር ውስጥ ሰጠመ። ካራቢኔሪ የሚባለው የፖሊስ ሠራዊታቸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ በኅዳር የቁልቋል በርን ጦርነት አስቦ ይውላል። ቁልቋል በር እኮ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ የምናልፈው ነው! ከተማሪዎቼ ስሙን የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ጥናት ምን እንደሚሠራ ማየት የፈለገ የመርዝ ጋዙን ነገር ይመልከት። ጣልያን በዚያ ጦርነት ጋዝ መጠቀሟን በመንግሥት ደረጃ ያመነችው በ1988 ዓ.ም ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ። ያም የሆነው እንደ አንጀሎ ዴል ቦካ ያሉ የራሷ የታሪክ ሰዎች ስድቡን ችለው መዝገብ ሲያገላብጡ ስለኖሩ ነው። እነሱ የአባቶቻቸውን ጥፋት ለመጻፍ ከደፈሩ፣ እኛ የአያቶቻችንን ኑሮ ለመጻፍ ምን ያስፈራናል?

ጊዜ ደግሞ የለንም። ጣልያን ሲወጣ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ነው። ስንቱን ባለፈው ዓመት ቀበርን?

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። መምህራን፣ ይህን ፕሮጀክት በየክፍላችሁ ስጡ፤ እንደኔ እንዳትሳሳቱ ግን መጀመሪያ ወላጆችን ጠርታችሁ አነጋግሩ፣ ስም የማይጠራበትንም መንገድ ቀድማችሁ ተስማሙ። ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ «ተወው» አትበሉ። አያት ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በጣልያን ጊዜ የት ነበራችሁ? ምን በላችሁ? ማንን ፈራችሁ? ድምፁን ቅዱት፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት።

ያቺ ተማሪዬ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። ትናንት ኮሪደር ላይ አግኝታኝ «ቲቸር፣ ወረቀቴ አለ?» አለችኝ።

አለ አልኳት። አባቷ ሲፈቅድ እሰጣታለሁ።