የሰሜን ተራሮች የክረምት መንገድ የሚጠገነው በበጋ ነው

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከደባርቅ ወዲያ ነው። የጠጠሩ መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ፣ የጎብኚዎች ድንኳን በሚተከልባቸው በሳንቃ በርና በጨነቅ አልፎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ወረዳ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ሲበላው ሕዝቡ በእግርና በበቅሎ ይቀራል።

ይህን የጎብኚ ችግር ብቻ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። ጎብኚ በብዛት የሚመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የደረሰው ጦርነትም እግሩን አሳጥሮታል። መንገዱ በክረምት ሲቆረጥ ቀድሞ የሚጎዳው ምጥ የያዛት እናትና እህል ያለቀበት ቤተሰብ ነው። ፈርሶ መስከረም ከደረሰም በቅሎ አከራዩና መንገድ መሪው የዓመት ገቢያቸው ይጓደላል።

አንዳንዶች «መንገዱ ይስፋ» ይላሉ። ነገር ግን ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ያስገባው ከዋልያ ቁጥር ማነስና ከእርሻ መስፋፋት ጋር በዚሁ መንገድ ሥራ ምክንያት ጭምር ነበር። ከመዝገቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ስለዚህ ከባድ ጭነት ከፓርኩ ውጭ በሚያልፍ አማራጭ መንገድ ሊሄድ፣ ነባሩ ደግሞ ሳይሰፋ ሊጠገን ይገባል።

መንገድን ከመኪና ይልቅ የሚገድለው ውሃ ነው። ከተራቆተ ተዳፋት የወረደ ጎርፍ ቦዩን በደለል ይደፍናል፤ መውጫ ሲያጣ መሐል መንገዱን ይሰነጥቃል። ከፓርኩ ክልል ውጭ፣ ከመንገዱ በላይ ባለው ማሳ እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መሥራት የገበሬ ማኅበራት ድርሻ ነው። የቦዩ ጫፍ በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ ከሌለው ግን የጎረቤትን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል። በፓርኩ ውስጥ ያለው ቦይና ቱቦ የሚጠረገው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከመንገድ ባለሥልጣን ጋር በመመካከር ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በግንቦትና በሰኔ ገበሬው ከሞፈሩ አይለይም። ስለሆነም የማኅበር መሪዎች ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት በሚካሄደው የተፋሰስ ሥራ ከመንገድ በላይ ያሉትን ተዳፋቶች ሊያስቀድሙ ይገባል። ሰኔ ላይ ዶማ ማንሳት ጎርፉን ከመከተል አያልፍም።