የባንኮኒው ጭስ፦ በጃፓን ትንንሽ መጠጥ ቤቶች ማጨስ ይከልከል ወይስ ይቆይ?

በቶኪዮ ሺንጁኩ ውስጥ ጎልደን ጋይ የሚባል ሠፈር አለ። በጠባብ መተላለፊያዎች ግራና ቀኝ ከ200 በላይ ትንንሽ መጠጥ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ ከባንኮኒው ፊት ያላቸው ወንበር ከአሥር አይበልጥም። አንዱ በር ላይ ማጨስ እንደሚቻል የሚናገር ምልክት ተለጥፏል፤ የጎረቤቱ በር ላይ ደግሞ ክልክል መሆኑን የሚናገር። ሲጋራ ይዞ ደጅ መውጣትም አያዋጣም፤ በሺንጁኩ ጎዳናዎች ላይ ማጨስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ የተከለከለ ነው።

ብዙ አገሮች ክልከላውን ከቤት ውስጥ ሲጀምሩ ጃፓን ከጎዳናው ጀመረች። የቶኪዮዋ ቺዮዳ ወረዳ መንገድ ላይ የሚያጨስን ሰው 2,000 የን መቅጣት የጀመረችው በ2002 ነው። መጠጥ ቤቶችን የሚመለከተው አገር አቀፍ ሕግ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ግን ኤፕሪል 1 ቀን 2020 ነው። ከዚያ ቀን በፊት የተከፈቱ፣ የደንበኛ መስተናገጃቸው ከ100 ካሬ ሜትር፣ ካፒታላቸውም ከ50 ሚሊዮን የን የማይበልጥ ቤቶች «ለጊዜው» ተብለው ከክልከላው ወጡ፤ ምርጫው ለባለቤቱ ተተወ። ቶኪዮ በራሷ ደንብ ነገሩን አጠበቀችው፤ ተቀጣሪ ሠራተኛ ያለበት ቤት፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከተለየ የማጨሻ ክፍል ውጭ ማስጨስ አይችልም።

ያ «ለጊዜው» ማብቃት አለበት ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ይከልከል፦ ጠባቡ ክፍል ነው ጥበቃ የሚያስፈልገው

የሌላ ሰው ጭስ እንደሚገድል ለዓለም ቀድመው ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚያው ጃፓን ነው። ተመራማሪው ታኬሺ ሂራያማ የማያጨሱ ከ91,000 በላይ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትሎ ውጤቱን በ1981 አሳተመ። ባሎቻቸው አብዝተው የሚያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዛሬ የመንግሥት ግምት ራሱ በዚህ ዓይነት ጭስ በየዓመቱ 15,000 ያህል ሰው ይሞታል ይላል።

ይህን የሚያውቅ መንግሥት 100 ካሬ ሜትር ላይ የደረሰው በጤና ምክንያት አይደለም። የጤና ሚኒስቴር በ2017 ያቀረበው ሐሳብ ነጻ የሚያወጣው እስከ 30 ካሬ ሜትር የሆኑ መጠጥ ቤቶችን ብቻ ነበር። የገዢው ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ተቃወሙ፤ ወሰኑ ሰፋ፤ በሚኒስቴሩ ግምት ከአገሪቱ ምግብና መጠጥ ቤቶች 55 ከመቶ ያህሉ ከክልከላው ውጭ ቀሩ። የተፈቀደው ደግሞ ጭስ በሚበረታበት በጠባቡ ክፍል ነው።

ጨዋነት ይበቃል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጃፓናዊ አጫሽ ከመለኮሱ በፊት አጠገቡ የተቀመጠውን «ባጨስ ይከፋዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የጨዋ ነው፤ መልሱ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሰውን ላለማስቀየም አጥብቆ በሚጠነቀቅ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ክርን ለክርን የተቀመጠ እንግዳ «አዎ፣ ይከፋኛል» ለማለት አንደበቱ አይታዘዝለትም። የአስተናጋጇ ደግሞ የባሰ ነው። አስተናጋጆች ደንበኛን በሚያጫውቱባቸው «ሆስተስ ክለብ» በሚባሉ ቤቶች ደንበኛው ሲጋራ ሲያወጣ ላይተር ማቅረብ፣ መተርኮሻው ሳይሞላ መቀየር የሥራዋ አካል ነው። እሷን ግን ማንም ፈቃድ አይጠይቃትም። የቶኪዮ ደንብ በማይደርስበት በሳፖሮ ከተማ ሱሱኪኖ ሠፈር ወይም በፉኩኦካ ከተማ ናካሱ ሠፈር ያለች ሠራተኛ የምትተነፍሰውን አየር የሚወስንላት አሠሪዋ ነው።

ሌላም ቀዳዳ አለ። ትምባሆ የመሸጥ ፈቃድ ያለው፣ ሩዝ፣ ዳቦና ኑድልን የመሰለ ዋና ምግብ የማያቀርብ ቤት «ለማጨስ የተቋቋመ» ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን ባንኮኒው ላይ ማጨስ ይፈቀዳል።

መንግሥት ለምን ይለሳለሳል? የጃፓን ቶባኮ ኩባንያን ከሲሶ በላይ ድርሻ እንዲይዝ ሕግ ያስገድደዋል። ይኸው ኩባንያ በ2016 እና በ2017 በፈጸማቸው ግዢዎች የኢትዮጵያን ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 70.95 ከመቶ ባለቤት ሆኗል። ኢትዮጵያ ግን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስን ስፋት ሳትለይ ከልክላለች። አዲስ አበባ ያለች የቡና ቤት አስተናጋጅ ያገኘችውን የሕግ ከለላ የናካሱዋ አላገኘችም።

ይቆይ፦ ደጁ ተዘግቶ ቤቱም አይዘጋ

በደብሊን መጠጥ ቤት ማጨስ ሲከለከል አጫሹ ብርጭቆውን አስቀምጦ ደጅ ወጣ። ጃፓን ውስጥ ይህ መውጫ አስቀድሞ ተዘግቷል። የቶኪዮዋ ሺቡያ በ2019 በመላው ወረዳዋ ጎዳና ላይ ማጨስን ከልክላ 2,000 የን መቅጣት ጀመረች። ኦሳካ ከዓለም አቀፉ ኤክስፖ በፊት በጃንዋሪ 2025 ከተማዋን በሙሉ በክልከላው ስር አስገብታ 1,000 የን ትቀጣለች። ለዚህ ሁሉ በቂ ምክንያት ነበረ፤ በተጨናነቀ መንገድ በእጅ የተያዘ ሲጋራ ፍሙ ከሕፃን ፊት እኩል ነው የሚያልፈው። ነገር ግን የመጨረሻዋ ትንሽ ቤትም ብትዘጋ አጫሹ ወደ ጓሮ መተላለፊያ፣ ከቆዩ የእንጨት ቤቶች ሥር ይሄዳል። ጭሱ ወደ ነዋሪው መስኮት፣ ቁራጩ ወደ ቦይ ይገባል።

ሕጉም እንደሚባለው ልል አይደለም። የሚያስጨስ ቤት መግቢያው ላይ ምልክት መለጠፍ ግዴታው ነው። ዕድሜው 20 ያልሞላ ሰው፣ ደንበኛም ይሁን ሠራተኛ፣ ማጨስ ወደሚቻልበት ስፍራ አይገባም። ደንቡን የጣሰ አጫሽ እስከ 300,000፣ የቤቱ ኃላፊ ደግሞ እስከ 500,000 የን ሊቀጣ ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከኤፕሪል 2020 በኋላ የተከፈተ ቤት ይህን መብት አለማግኘቱ ነው። አዲስ አይጨመርም፤ ያሉት ባለቤቶቻቸው ሲያረጁ ይዘጋሉ።

አጫሹም እየቀነሰ ነው። በ1966 ከጃፓን ወንዶች ከ80 ከመቶ በላይ ያጨሱ ነበር፤ በ2019 ወደ 27 ከመቶ ወርዷል። ይህ ቁልቁለት የተወረደው መጠጥ ቤቶች ሳይከለከሉ ነው። የኢትዮጵያ ምሳሌም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። እዚያ በ2016 በተደረገ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ሕግ ከሃያ አንዱን ሲከለክልና ከአራት ወንዶች አንዱን ሲከለክል የሚያስከትለው ጣጣ አንድ አይደለም።

ጨዋነቱንም ማቃለል አይገባም። ብዙ ጃፓናውያን ክዳን ያለው የኪስ መተርኮሻ ይዘው ይዞራሉ። ጠንቃቃው ደንበኛ ጎረቤቱ እየበላ አይለኩስም፤ ጭሱንም ወደ ሰው አይተፋም። «ስናክ» በሚባሉት ትንንሽ መጠጥ ቤቶች ደግሞ «ማማ» የምትባለው ባለቤት አለች። ማን አስም እንዳለበት፣ ማን ልጅ እንደወለደ የምታውቅ፣ በአንድ ቃል «ዛሬ ይቅር» ብላ መተርኮሻውን የምታነሳ ሴት ናት። ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ ያቺ ወንበር የምሽቱ ብቸኛ ጨዋታ የሚገኝባት ልትሆን ትችላለች።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ማማዋ መተርኮሻውን ማንሳት ትችላለች፤ ኪራይዋን የሚከፍለው ደንበኛ ግን አጫሹ ከሆነ እጇ ይታሰራል። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ «እኔ ሳልሆን ሕጉ ነው» እንድትል። የቺዮዳ ወረዳ በ2002 ቅጣቱን ስታወጣ መፈክሯ ከጨዋነት ወደ ደንብ መሻገር የሚል ነበር፤ ምክር ብቻውን ጎዳናውን ስላላጸዳ ነው። «ያሉት ቀስ በቀስ ይዘጋሉ» የሚለውም ቀን የለውም። የኦሳካ አውራጃ ግን ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ወሰኑን ወደ 30 ካሬ ሜትር አውርዶታል። ይህ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። ጓሮው ይበከላል ከተባለም መልሱ ከነዋሪው መስኮት የራቁ የማጨሻ ስፍራዎችን መሥራት ነው እንጂ ባንኮኒውን ማጠን አይደለም።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ለሠራተኛዋ የቀረበው ሙግት ትክክል ነው፤ ሊሸሽም አይገባም። የቶኪዮ መለኪያ፣ ማለትም ተቀጣሪ ካለ አይጨስም የሚለው፣ ለሱሱኪኖም ለናካሱም ይድረስ። «ለማጨስ የተቋቋመ» የሚለው ቀዳዳም ለእውነተኛ የሲጋር ቤቶች ብቻ ይጥበብ። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ባለቤታቸው ብቻውን ወይም ከቤተሰቡ ጋር የሚሠራባቸው ስምንት ወንበር ያላቸው ቤቶች ናቸው። በራቸው ላይ ምልክት አለ፤ ሃያ ያልሞላው አይገባም፤ የማይፈልግ ደንበኛ ቀጥሎ ያለውን በር ይከፍታል። ማጨሻ ስፍራዎቹ መጀመሪያ ይሠሩ። እስከዚያ ግን ለአርባ ዓመት ያው ባንኮኒ ኋላ የቆመች ሴት በራሷ ቤት የሚሆነውን ራሷ ትወስን።